የሽመክት ልጅ ጁባ የመጣች ሰሞን

ባልቻ የመቶ ዶላር ኖት በምላሱ እያረጠበ ወደ መድረኩ ይወጣል። መድረኩ ያቃስታል። ጁባ ውስጥ ከባልቻ የሚገዝፍ ፍጡር ናይል ውስጥ ያለው ጉማሬ ብቻ ነው፤ እሱንም ጎን ለጎን ካላቆምናቸው በእርግጠኝነት አልናገርም።

ኖቱን የሮዳስ ግንባር ላይ ሊለጥፍ ነው። ዘፋኝ እንደዚያ ነው የሚሸለመው፤ ችግሩ ሮዳስ እየዘፈነች አይደለም። ቴአትር ላይ ናት። የሃያ ስምንት ዓመቷ ልጅ ነጠላ ተከናንባ፣ አውቶቡስ ተራ አግዳሚ ላይ የተቀመጠች የሰባ ዓመት እናት ሆናለች። የእናትየዋ ልጅ ስልክ ደውሎ "እሑድ እመጣለሁ" ብሏል፤ የትኛው እሑድ እንደሆነ ግን አልነገራትም። ስለዚህ በየእሑዱ እዚያች አግዳሚ ላይ ትጠብቀዋለች።

ጥፋቱ የኔ የዳምጠው ነው፤ አልደብቅም። ጁባ አማራት ሰፈር ካሉት ሆቴሎች ሁሉ ትልቁ አዳራሽ የኔ ነው። ሁለት ሺህ ሰው ይይዛል፤ ወንበሩ መቶ ሰማንያ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ማስታወቂያው ላይ የአባቷን ፎቶ የበር ያህል አሳድጌ፣ የሷን ከታች እንደ ቴምብር ለጠፍኳት። ማን ይፈርድብኛል? ሽመክት እኮ ነው! ያ ሰው ሲዘፍን ዝናብ ቆሞ ሲያዳምጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከማላኪያ እስከ ኮር ዊሊያም ያለ ባለሱቅ "ልጅቷ ትዘፍናለች?" ሲለኝ፣ "የአባቷን ጉሮሮ ነው የወረሰችው!" እያልኩ ትኬቴን ጨረስኩ።

ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያውን አይታ አልተቆጣችም። ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

"ጋሼ ዳምጠው፣ ካምፓላም እንዲሁ ነበር" አለችኝ። "ናይሮቢም። መሃል ላይ አንዱ ይነሳና 'የአባትሽን!' ይላል። እዘፍናለሁ። ያጨበጭባሉ። ቴአትሩ እዚያው ይሞታል። አንድ ቀን እንኳ መጨረሻው ላይ ደርሼ አላውቅም።"

"የጁባ ሰው ጨዋ ነው፣ ልጄ።"

"ዛሬም ካቋረጡኝ ከላስ፣ በቃ!" አለች፣ በሁለት ቀን በለመደቻት የጁባ ዐረብኛ። "ትወናውን ትቼ ሰርግ ላይ እዘፍናለሁ። አባዬም ደስ ይለዋል።"

ይኸው እንግዲህ ጨዋው ባልቻ።

"የአባትሽን! እስቲ የአባትሽን በይልን!" ድምፁ ማይክ አያስፈልገውም። ከኋላ ጭብጨባ ይጀመራል። የኪቦርድ ተጫዋቹ ጣቶቹን ያፍታታል፤ ምናልባት ብዬ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፣ ምን ይደረግ። "ባልቻ፣ ውረድ!" ልል አፌን እከፍታለሁ። ናይልን በአንድ ትንፋሽ የተሻገርኩ ሰው፣ የሸጥኩት ትኬት ትዝ ሲለኝ መልሼ እዘጋዋለሁ።

ባልቻ ጎንበስ ይላል። የረጠበው ዶላር ግንባሯ ላይ ሊያርፍ ጣት ሲቀረው፣ ሮዳስ እንደ አሮጊት ቀስ ብላ እጇን ታነሳና እጁን ትይዘዋለች። ቀና ብላ ታየዋለች። ሰዓት አልያዝኩም እንጂ ግማሽ ቀን ይሆናል።

"መጣህ?"

ጭብጨባው አንድ በአንድ ይረግፋል።

"እ... እኔ እንኳ..." ባልቻ እርዱኝ በሚል ዓይን ወደ እኛ ይዞራል።

"ወደዚህ እየኝ እንጂ! የት የት ታያለህ?" ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ያንን የሚያክል ጉንጭ ትዳብሳለች። "ከስተሃል።"

ባልቻን! ሌላ ቀን ቢሆን አዳራሹ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ከኋላ መሳቅ ይጀምርና መሃል ላይ ይተወዋል። እዚህ ያለነው ሁሉ፣ ጠግበን በልተን የተነሳነውን ፎቶ ልከን እንኳ፣ ከአገር ቤት ይቺኑ ቃል ሰምተናል።

"አልከሳሁም" ይላል ባልቻ። ቀጥሎ ማን እንዳስጠናው እንጃ፣ "ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እማዬ" ይላል።

"እኔ የቀረሁት አንድ እሑድ ነው፤ እግሬን ያመመኝ ጊዜ። 'በዚያች እሑድ መጥቶ አጥቶኝ ተመልሶ ይሆን?' እያልኩ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ።"

ሦስት ሺህ የቀን ሠራተኛ በአንድ ጩኸት የሚያሰልፈው ባልቻ እግሯ ሥር ቁጭ ይላል። መዳፉን ትከፍትና ኖቱን አጣጥፋ መልሳ ታስጨብጠዋለች። "ለመሳፈሪያህ ያዛት። ለኔ አንተ ትበቃኛለህ።"

ከዚያም ቴአትሩን ካቆመችበት ትቀጥላለች። ለባዶ አየር የሚነገረውን ሁሉ ለባልቻ ትነግረዋለች። ሩብ ሰዓት ማንም አይስልም። ማንም "የአባትሽን" አይልም። መጨረሻው ላይ፣ ጠዋት እንዳነበበችልኝ ከሆነ፣ እናትየዋ ብቻዋን ነው የምትሄደው። ሮዳስ ግን ትከሻውን መታ ታደርገዋለች።

"በል ተነስ፣ ልጄ። ቤታችን እንሂድ።"

አለቀ። መጨረሻው ላይ ደረሰች!

ጭብጨባው ሲፈነዳ የጣሪያዬ ቆርቆሮ ኢትዮጵያ ድንበር ድረስ ይሰማል። "ሮዳስ! ሮዳስ!" ይላል ሁለት ሺህ ሕዝቤ። እሷ ግን ወገቧን አላቀናችም። ባልቻ ክንዷን ይዞ፣ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ ያወርዳታል። "ቀስ፣ እማዬ፣ ደረጃ አለ።"

ከፊት ረድፍ፣ ጁባ ካለን ሐበሻ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ አቶ ገብረመድኅን፣ በከዘራቸው ተደግፈው እንደምንም ይነሳሉ። ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ወንበራቸውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ሮዳስ ያዞሩላታል።

"ይቀመጡ፣ እናቴ" ይሏታል።