የጓሮው ቧንቧ

አማካሪው ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብ አድርገው ጆሮ ሰጡ። ተማሪያቸው የመመረቂያ ጥናቱን የሚሠራው ከመሬት በታች የሚያፈስ ቧንቧን በድምፁ ስለ ማግኘት ነበር፤ ይህን የድምፅ ቅጂ የወሰደው ደግሞ ከእናቱ ቤት ጓሮ ነው። መጀመሪያ የውሃው ፉጨት ተሰማ። ከዚያ የእናቱ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ቧንቧ ስታዳምጥ እኔን ጆሮ ዳባ ልበስ አልከኝ? ምሳህ ቀዘቀዘ እኮ።»

አማካሪው ፈገግ አሉ። «እናትህ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ለጥናቱ ግን ረብሻ ነው፤ ቁረጠው።» እናቱን ከቀበረ ገና ወር እንዳልሞላው አያውቁም፤ እሱም አልነገራቸውም። ጣቱ መሰረዣው ላይ እንዳረፈ ቀረ።

ቅጂው ግን መንገዱን ቀጠለ። አሁን የራሱ ድምፅ መጣ፣ ቆጣ ብሎ፦ «እማዬ፣ እየቀዳሁ ነው። እባክሽ ዝም በይልኝ።» የነጠላ ጫማዋ ኮቴ እየራቀ ሄደ፤ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ውሃው ብቻ ነበር።

አማካሪው እርሳሳቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«ከዚህ ጀምር» አሉት። «ከዚህ በኋላ ያለው ንጹሕ ነው።»