ሦስት ኪሎ ትርፍ

ልብስ ሰፊዋ ከደንበኞቿ ከተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጣጥላ የሰፋችውን ብርድ ልብስ ታቅፋ ከአየር ማረፊያው በር ወጣች። ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ትርፍ ሲያሳይ፣ ልጇ ከሻንጣዋ መዝዛ "እማዬ፣ ይሄን ሌላ ጊዜ እወስደዋለሁ" ብላ መልሳላት ነበር የሄደችው።

"እናቴ፣ ይግቡ! በሃያ ደቂቃ ቤትዎ ዱብ አደርግዎታለሁ!" አለ አንድ ባለታክሲ በሩን በርግዶ። ጠዋት ልጇን ይዛ በታክሲ ስትመጣ፣ ያው መንገድ ምነው ባላለቀ ብላ ነበር። አሁን ደግሞ በሃያ ደቂቃ ደርሳ ምን ልትሆን? ሁለት አልጋ ተነጥፎ አንድ ሰው ብቻ የሚተኛበት ቤት፣ ያውም ገና በቀትር! "ተወኝ ልጄ፣ አልቸኩልም" አለችና፣ በየፌርማታው እየቆመ አንድ ሰዓት ተኩል ወደሚንቀረፈፈው የከተማ አውቶቡስ አዘገመች።

የአውቶቡሱ ሾፌር የታቀፈችውን ጥቅል አይቶ ፊቱ ፈካ። "እንኳን በሰላም ገቡ፣ እናቴ! ሩቅ አገር ነው የከረሙት?"

አይ፣ ሰው ሸኝቼ መመለሴ ነው ልትለው አፏን ከፈተች። እንኳን መጣሽ የሚላት ሰው ካየች ግን ስንት ዘመኗ!

"እንኳን ደህና ቆያችሁኝ" አለች።

"የሚቀበልዎ ሰው አለ?"

"ምነው! ልጄ አለች አይደል" አለች፣ ብርድ ልብሱን ጠበቅ አድርጋ አቅፋ። "መጨረሻው ፌርማታ ላይ ትጠብቀኛለች።"