አስተርጓሚው የሚያጎድለው

ጉዳዩ የሁለት መቶ በሮች ትእዛዝ ነበር፤ ለሽማግሌው አናጺ የዓመት ሥራ።

ገዢው ሆላንዳዊ ነው። በየዓመቱ ሲመጣ የአናጺው የእህት ልጅ ያስተረጉማል። አናጺው እንዳደገበት የእንጨት ገበያ ወግ በዋጋ የሚከራከረው እየጮኸ ነው።

«ለዚህ ቀይ ቀበሮ ንገረው! በነጻ በር ካማረው የአባቱን ቤት በር ይንቀል!»

ልጁ በሁለት ቃል ይጨርሳል። ገዢው ፈገግ ይላል።

«ጋሪ ሙሉ ቃል ጭኜ ስሰጠው እፍኝ ያደርሳል» አለ አናጺው ለሚስቱ። «የቀረው የት ይገባል? ተመሳጥረው እየበሉኝ ነው።»

«የገዛ እህትህ ልጅ?»

«ሩቅ ያለ ሌባማ ኪሴን በምን ያውቀዋል?»

ከዚያ በኋላ አናጺው ከልጁ ተደብቆ ከአንዲት መምህርት ሆላንድኛ መማር ጀመረ።

«የእኛም ግስ መጨረሻ ላይ ነው፤ ምን ይከብዳል?» ብሎ ነበር። ሆላንዶች ግን ያለፈ ነገር ሲያወሩ ግሱን ለሁለት ይሰነጥቁታል። ትንሹን ስንጣሪ ወደ ፊት ያስቀምጡና ዋናውን ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ይጥሉታል። አናጺው ሁለቱን ጎን ለጎን ይለጥፋቸዋል።

«አባባ፣ አሁንም ገጠሟቸው» ትላለች መምህርቷ።

«ዕድሜዬን ሙሉ የተሰነጠቀ ስገጥም ኖሬ! እጄ እምቢ አለኝ እኮ፣ ልጄ።»

ደግሞም ከፊቱ «ኸ» የሚጨመርለት ግስ አለ፤ የማይጨመርለትም አለ።

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው፣ አባባ።»

«እንዲሁ!» ደብተሩን ወርውሮ ወጣ። በማግስቱ ራሱ አንስቶ ቁጭ አለ።

በዓመቱ ገዢው መጣ። ልጁ አፉን ሊከፍት ሲል አናጺው እጁን አነሳ።

«ዛሬ አንተ ዝም በል። እኔው እነግረዋለሁ።»

ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። «አጎቴ፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ ለእኔ ይተዉልኝ!»

«አዎ፣ ደነገጥክ!» አለና ወደ ገዢው ዞረ። ጥርት ባለ ሆላንድኛ፣ የግሱን ስንጣሪ ወደ ፊት፣ ዋናውን ወደ ኋላ አድርጎ፣ «አንተ ቀይ ቀበሮ፣ እኔን አሥር ዓመት ሙሉ ልክ እንደ ሌባው አባትህ አታለልከኝ!» አለው።

ገዢው እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ፈገግ እንዳለ ነበር። ከዚያ የትእዛዙን ወረቀት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ለልጁ አንድ ነገር ተናግሮ ወጣ።

አናጺው ያለ አስተርጓሚ፣ አንድም ቃል ሳያመልጠው ተረዳው፦ «አሥር ዓመት ሙሉ አጎትህ ጨዋ ሰው ነው ብለህ አታለልከኝ።»