የካርዱ ምድብ

የኔትወርክ ካርዱ ከቀኙ ማስገቢያ ወጥቶ በግራው መሰካቱን ያየችው፣ የሥራ ባልደረባዋ አምሳሉ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ከሰርቨር ክፍሉ ከወጣ በኋላ ነው።

ሰርቨሩ በግራና በቀኝ ሁለት የማስታወሻ (ሜሞሪ) ክፍሎች አሉት። ካርዱ ለየትኛው እንደሚቀርብ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ በራሱ ስለማያውቅ፣ ሰው በእጁ ይጽፍለታል፤ ከተሳሳተ ሥራው ሁሉ ይዘገያል። አምሳሉ «ቀኝ» ብሎ ጽፎ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ሲስተሙ ሲንፏቀቅ ሰንብቶ፣ ኃላፊያቸው አቶ ሙላት ጥፋተኛውን እንደሚያባርሩ ተናገሩ። እሷም የምትባረረው እኔ ነኝ ብላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ዛሬ ጠዋት አቶ ሙላት ፊት ቀድማ ተናገረች። «የእሱ ምደባ ነው። ካርዱን ከሩቁ ማስታወሻ ጋር አቆራኝቶት ነው።»

«የጻፍኩት ልክ ነው» አለ አምሳሉ። «አንቺ ግን ሰው ከእንጀራው ካላፈናቀልሽ እንቅልፍ አይወስድሽም።»

«ልክ ከሆነ ለምን ይንፏቀቃል? ቡዳ በልቶት ነው?»

አቶ ሙላት ሳቁ። የስንብት ደብዳቤው ከምሳ በፊት ደረሰው።

አሁን ብቻዋን ናት። «ቀኝ» የሚለውን አጥፍታ «ግራ» ብላ ጻፈች። ሲስተሙ ወዲያው ነፍስ ዘራ።

አቶ ሙላት አንገታቸውን በበሩ አስገቡ። «እንዴት ሆነ?»

«ተስተካክሏል። ምደባውን ተሳስቶ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር እኮ። ጎበዝ» ብለው ሄዱ።

ኮቴያቸው እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ካርዶቹን ነቅሎ አቧራቸውን ማራገፍና መልሶ መሰካት የማን ተራ እንደሆነ የሚያሳየውን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ላጠችው። ካለፈው ቅዳሜ ትይዩ ያለው ፊርማ የራሷ ነው። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና የሰርቨር ክፍሉን በር ለሌሊቱ ቆለፈች።