የመጨረሻዋ የነሐስ ወፍ

ፈሪዳ የባሏን ጆይስቲክ ይዛ፣ ጌሙ ውስጥ የተደበቀችውን የመጨረሻዋን የነሐስ ወፍ ፍለጋ የጌሙን ሰውዬ አንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ላይ አወጣችው። ባሏ ኻሊድ ለኢታንግ ደንበኞቹ ዕቃ ሊያደርስ ከጋምቤላ በወጣ ዕለት መንገዱ ላይ ተኩስ ነበር ተባለ፤ ወዲያው ኔትወርክም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። ድሮ እሱ እነዚህን ወፎች ሲለቅም «ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ መንከራተት ምኑ ደስ ይላል?» እያለች ትስቅበት ነበር። አሁን ገብቷታል። ጌሙ ውስጥ የጠፋ ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ፈላጊውን ይጠብቃል።

«እኔንስ ሰለቸኝ» አለ አጠገቧ የተጋደመው የባሏ ታናሽ ወንድም ሙሄ። «ይሄ እኮ ሥራ እንጂ ጨዋታ አይደለም።» ይህን እንዳለ ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። ብድግ አለ። «ኔትወርክ መጣ። ወፏ የት እንዳለች ኢንተርኔት ላይ ልይልሽ...» አለ። ሁለቱም ምንጣፉ ላይ ወዳለው የፈሪዳ ስልክ ዞሩ።

ስልኩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚደወለው ከማታውቀው ቁጥር ነበር። ፈሪዳ ስልኩን በፊቱ ደፍታ መዳፏን ጫነችበት።

«አንሺው እንጂ፣ ፈሪዳ» አለ ሙሄ፤ ድምፁ ሰልሏል።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይቺን ላግኛት።»

ወፏን ግን ከጭስ ማውጫው ኋላ ስታብረቀርቅ ቀድሞውኑ አይታት ነበር። በአንድ እጇ ጆይስቲኩን ገፋ አድርጋ የጌሙን ሰውዬ ጀርባውን አዞረችውና ወደ ቁጥቋጦዎቹ መለሰችው።