የመርከቧ መርዶ

«ቆይ፣ ቆይ! አታስገቢው!» ይላል ጃፈር፤ ጽጌ ግን ሲዲውን ማጫወቻው ውስጥ ከታዋለች።

ወይ ጣጣ! ገብረወልድ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ፣ ልጁ ጽጌ ከምትኖርበት ከዋጫ ከተማ ይዛለት በመጣችው ሲዲ ደስ ያለው መስሎ፣ እንደ ሙሽራ ተላጭቶ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ያለ የአክስቷ ልጅ ነው «አባትሽ የሠሩባት መርከብ ታሪክ ነው» ብሎ የላከላት። ጃፈር ታሪኩ የት እንደሚያልቅ ያውቃል። ያውቃል እንጂ!

ሁለቱ ጓደኛሞች በንጉሡ ጊዜ ከቦንጋ ምጽዋ ወርደው፣ በዚያች ግዙፍ የመንገደኞች መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ሲልጡ ነው ጎረምሳነታቸው ያለቀው። በሚሊኒየሙ ሰሞን ግን አንድ ከጅቡቲ የመጣ ነጋዴ ለጃፈር፣ «መርከባችሁ እኮ ተቆራርጣ ለብረት ማቅለጫ ተሸጠች» አለው። ገብረወልድ ያን ጊዜ በስኳር ታሞ ተኝቷል። ለበሽተኛ ማን መርዶ ይነግራል? ጃፈር በየጁምዓው ከስግደት መልስ ጎራ እያለ፣ «አለች አሉ፤ አዲስ ቀለም ቀቧት አሉ» ሲል ከረመ። ይኸው፣ ዛሬ ሊዋረድ ነው።

«ጋሽ ጃፈር፣ ይቀመጡ እንጂ» ትላለች ጽጌ።

ይቀመጣል። ላብ በላብ ሆኗል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ መርከቧ ዝጋ፣ በጎታች ጀልባ እየተሳበች ትሄዳለች። ጃፈር ዓይኑን ይጨፍናል። ያ ረቢ፣ መብራቱን አጥፋልኝ! የቦንጋ መብራት በሌላ ቀን ማንም ሳይለምነው ይጠፋል፤ ዛሬ ድርቅ ብሎ በርቷል።

«ውይ፣ ሙዚየም አደረጓት!» ትላለች ጽጌ፣ እንግሊዝኛውን እየተከተለች። «ወደብ ላይ አስረዋት ቱሪስት ይጎበኛታል።»

ዓይኑን ይገልጣል። እሷው ናት! ጥቁር ሆዷ፣ ቀይ ጭስ ማውጫዋ፣ አዲስ ቀለም ተቀብታ! አልሐምዱሊላህ! ትከሻው ላይ የከረመው ሸክም ዱብ ይላል።

«ተመስገን!» ይላል ገብረወልድ፣ እንባው እየወረደ። «አንተ ጃፈር፣ እውነትህን ነበር ለካ!»

«ምነው፣ ውሸት መስሎህ ነበር?»

«ያ የጅቡቲው ሰውዬ የቆራሌው ሲሳይ ሆነች ብሎኝ ነበራ! አንተ ደግሞ ደም ብዛት አለብህ፤ እንዴት ብዬ ልንገርህ? በየጁምዓው ፊትህ በርቶ ስታወራልኝ፣ አንጀቴ እያረረ እሰማሃለሁ።»

 ጃፈር ሳቁ ያመልጠዋል። «ለእኔም ነግሮኛል እኮ!»

ገብረወልድ አፍጥጦ ያየውና እሱም ይፈነዳል። ጽጌ ምን ነካቸው ብላ አንዴ አባቷን፣ አንዴ ጃፈርን ታያለች።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ወጥ ቤቱ ይመጣል። በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ወዲያ ነጭ ቆብ ያጠለቀ አሻንጉሊት ሰው ቢላና ድንች ይዞ ተቀምጧል። ፈረንጆቹ ተሰልፈው ፎቶ ያነሱታል።

«እየው፣» ይላል ገብረወልድ ዓይኑን በጋቢው እየጠረገ፣ «አንድ ድንች ይዞ ቀኑን ሙሉ!»

«ምን ያስቸኩለዋል?» ይላል ጃፈር፤ ወንበሩንም ወደ አልጋው ጠጋ ያደርጋል።