የኔታ የሚያጠጡት መሬት

«ቆፍር እንጂ! ጠቋሚው አንተ አይደለህ?» ይለኛል ደምለው፣ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ አዛዥ።

እቆፍራለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፣ አሮጌው ግንብ ሥር ነን። የኔታ ሀብተ ሚካኤል የፊጥኝ ታስረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መሣሪያ ከተገኘ ዛሬውኑ እዚሁ ይረሸናሉ ብሏል ደምለው። ከሊማሊሞ በታች ተኩስ ከተጀመረ ወዲህ እሱ ዘንድ ማጣራት የሚባል ነገር የለም።

በበጋ፣ ሰው ሲበተን ጠብቀው፣ በቅል ውሃ እያመጡ ይህችን መሬት ሲያጠጡ ያየኋቸው እኔ ነኝ። አትክልት የለባት፣ ምን ሊያበቅሉ ነው? የቀበሩት እንዳይታወቅ አፈሩን ሊያስተኙ ነው አልኩ። ለነገሩ ማመኑንም ፈልጌዋለሁ። ዳዊት ሳልደግም ያባረሩኝ እሳቸው ናቸው፤ «አንተስ ሂድና ካባትህ ጋር ኖራ አቡካ» ብለው፣ ልጁ ሁሉ እየሳቀ። ይኸው ዳባትም ደባርቅም «አቡካ» እየተባልኩ ጸጉሬ ሸበተ።

ዶማው ቋ ይላል። ደምለው ጠመንጃውን ያቀባብላል።

«ይኸው!» እላለሁ። ድምፄ ውስጥ ያለውን ደስታ ራሴው እሰማዋለሁ።

የድንጋይ ክዳን ነው። ስናነሣው ከሥሩ ነጭ፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነገር። ጠመንጃ ፍለጋ እጄን እስከ ክርኔ እሰዳለሁ። የማወጣው ግን ሳይቃጠል የቀረ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። አውቀዋለሁ። አባቴ ይህን ግንብ ሲጠግን፣ ለመጨረሻው ልስን፣ ከጣና ዳር በአህያ እያስመጣ ያቃጥለው የነበረው ነው።

«ያባትህ ኖራ ነው» ይላሉ የኔታ። «ውሃ ካልተለየው እያደር ይሻላል። ሊሞት ሲል፣ ልጄ ያርጋል ቤት ሲሠራ ስጡልኝ፣ ቀድሞ ካወቀ ይሸጠዋል አለኝ። አንተ ደግሞ ቤት አልሠራህ።»

ደምለው ሆዱን ይዞ ይስቃል። «መትረየስ ያልከኝ ይኼን ነው? ግድ የለም፣ ለአብዮቱ በዓል የቀበሌውን አጥር እንቀባበታለን። በል ፍታቸው።»

እፈታቸዋለሁ። ገመዱ እምቢ ይላል፤ ጣቶቼ ጠይሙ ክንዳቸው ላይ ነጭ ሆነው ይታተማሉ።

የኔታ ክንዳቸውን አሸት አሸት አድርገው ከግንቡ ጥግ ቅላቸውን ያነሣሉ።

«ቶሎ እጅህን ዘርጋ ልጄ፤ ኖራ ቆዳ ይበላል።»

ያፈሱልኛል። ቀና ብዬ አላያቸውም። ውሃው ከእጄ ነጭ ሆኖ እየወረደ፣ ሲያጠጡት ወደኖሩት ጉድጓድ ይገባል።